በሰው ጎተራ ያኖርኩት ዘር

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ ዛሬም ተኛ። የጋምቤላን የካቲት ሰው ያልቻለውን ማሽን ይችለዋል ብሎ የሚያምን ቢኖር የኮሌጃችን ግዢ ክፍል ብቻ ነው። በሩን ከፍቼ፣ ከቤቴ ያመጣሁትን ቬንትሌተር ደግኜበት፣ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ።

አምና በዚሁ ሰሞን ነው ሰርቨሩ የተቃጠለው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ውጤት አብሮት ሄደ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም፣ ሙቀቱንም ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ኮሌጁ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ ወለላ የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ዲኑ አቶ ወልደሥላሴ በስብሰባ መሀል፣ ስሜን ሳይጠሩ፣ ባለሙያዋ ምን እየሠራች እንደነበር ጠየቁ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የራሴን መላ ዘየድኩ። ሥራ ሲያበቃ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነሣና የአንዱን ቢሮ ሰነድ ሌላው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ትገለብጣለች። ፎልደሩ አይታይም፤ ደብቄዋለሁ። በግልጽ ሳስቀምጠው አይቼዋለሁ፤ ለፊልም ቦታ ሲያጡ መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው። አባቴም አቦቦ ሳለን እንዲሁ ያደርግ ነበር። የዘር በቆሎውን እቤት አያሳድረውም፤ ክረምት ሲጠናብን እንዳንበላው ጎረቤት ጎተራ ይወስደዋል። “ዘር ከቀለብ ጋር አያድርም” ይል ነበር።

ለማንም አልነገርኩም። ማን ጠይቆኝ? እኔን የሚፈልጉኝ ሲበላሽ ነው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገባ። ከውሃ በቀር የሚያሰኘኝ የለም።

ግልባጮቹን ሞከርኩ። ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም፤ የሙያው ሕግ ነው። ከየቢሮው አንዳንድ ፋይል ከፍቼ አየሁ። ለሙከራ ብቻ።

የኛሙዎን ሰነድ የሚያድረው በዲኑ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ አቶ ወልደሥላሴ ማሽናቸውን እምብዛም ስለማይነኩት ሰፊ ቦታ አለው። ኛሙዎን የሬጅስትራር ጸሐፊ ናት። ጠረጴዛዋም ኮምፒውተሯም እንደ ተጠረገ ግቢ ነው፤ ፊልም የለ፣ ዘፈን የለ። ከሥራ ሌላ ያገኘሁባት የድምፅ ቅጂዎች ያሉበት አንድ ፎልደር ነው። አንዱን ከፈትኩት። ያረጀች ሴት ቀስ ብላ ታዜማለች፤ በኑዌርኛ ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ ትስቃለች። የድምፅ ፋይል እስከ መጨረሻው ካልተሰማ ደህና መሆኑ አይታወቅም።

ሁሉም ደህና ናቸው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ፤ ምንም አይደለም። የሬጅስትራርን ፕሪንተር ሳጸዳ ሳላስበው አንጎራጎርኩ። ኛሙዎን ከወረቀቷ ቀና አለች።

“ይህን ከየት አመጣሽው?” አለችኝ።

እንጃ፣ ከሬዲዮ ይሆናል አልኳት። አስተያየቷ ስላስደነገጠኝ እንጂ ለመዋሸት ብዬ አይደለም። ደግመሽ በይው ብላ ለመነችኝ። ጠፋኝ አልኩ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ መስኮቱ ጋ ፊቷን ወደ ውጪ አዙራ ቆማ ነበር።

ማንጎ በቆርቆሮው ላይ እየወደቀ ሌሊቱን ሙሉ ያስበረግገኛል። ዛፉ የአከራዮቼ፣ ፍሬው የልጆቻቸው፣ ድንጋጤው የኔ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ኛሙዎን በጠዋት ማንጎ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። የታጠበ፣ የተመረጠ። አጠገቤ ተቀምጣ እናቷ ባለፈው ክረምት ማታር ከተማ እንዳረፈች ነገረችኝ። አውቅ ነበር፤ ለቅሶ አልሄድኩም እንጂ። ያ ዜማ እናቷ ራሷ ያወጣችው ነው አለች፤ ልጆቿን ስታስተኛ የምትለው፣ ከቤታቸው ውጪ የሚያውቀው የሌለ።

ትናንት በቤተ ክርስቲያናቸው ምስክርነት ያለው ይነሣ ሲባል ተነሥታ ተናግራለች። እግዚአብሔር ቋንቋችንን በማታውቅ ደገኛ ሴት አፍ የእናቴን ድምፅ ላከልኝ ብላ። ጉባኤው አለቀሰ አለችኝ። እህቷ ኛይየን፣ እዚሁ ኮሌጃችን የምትማረው፣ እየጮኸች አለቀሰች። ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር።

እኔ ምን ልበላት? እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ለነገሩ ማን ተጎዳ? ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ማንጎው ጣፋጭ ነው። ሁለተኛውን መጨረስ አልቻልኩም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ትናንት የተሰጠው የማጠቃለያ ፈተና ከቅዳሜ ጀምሮ በተማሪ ስልክ ሲዞር ነበር። ተሰርዟል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ምክትል ዲኑ አቶ ኦቹዶ። በቴክኒክ በኩል ወለላ ታግዛለች ተባለ። ነገ የየቢሮው ኮምፒውተር ይፈተሻል። ከዲኑ በቀር።

ፈተናውን ያወጣው መምህር አዶኒያስ ነው። የእሱ ሰነድ የት ነው የሚያድረው? አላስታውስም።

አስታውሳለሁ።

ላጥፋው ብዬ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ጥበቃው ምን ረሳሽ አለኝ። ቻርጀር አልኩት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

እንቅልፍ አልመጣልኝም፤ በረንዳ ላይ፣ አጎበር ውስጥ ሆኜ በስልኬ መብራት እጽፋለሁ።

ፍተሻው የተጀመረው ከሬጅስትራር ነው፤ ፈተና የሚባዛው እዚያ ስለሆነ። አቶ ኦቹዶ፣ ዲኑ፣ እኔ፣ የኮምፒውተሩ ባለቤት ኛሙዎን። በግልጽ የሚታየውን አሳየሁ፤ ምንም የለም። ኛሙዎን ስለ ኮምፒውተሯ ንጽህና ምስጋና የምትጠብቅ ይመስል እጇን አጣጥፋ ቆማለች። አቶ ኦቹዶ የተደበቀም ካለ አሳዪን አሉ። ጣቴ ማውሱ ላይ ቆየ። የለም ብል ማን ያውቃል? ሁለተኛ አይጠይቁም ነበር። ግን ሙያዬ ነው፤ ስጠየቅ እጄ ራሱ ሠራው። ፎልደሩ ብቅ አለ። የመምህር አዶኒያስ ሰነድ በሙሉ፣ ፈተናው ከነመልሱ።

ኛሙዎን “ይህ የኔ አይደለም” አለች።

አቶ ወልደሥላሴ “ያንቺ ካልሆነ ለምን ደበቅሽው?” አሏት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። ልትከሰኝ አይደለም፤ ባለሙያዋ ታስረዳልኛለች ብላ ነው። አቶ ኦቹዶም ወደ እኔ ዞረው፣ ፋይል ራሱን ይደብቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ሰው ነው የሚደብቀው አልኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እህቷ ኛይየን ለዚሁ ፈተና የተቀመጠች መሆኗ ተነሣ። በቃ፣ ሌባው ተገኘ ተብሎ ፍተሻው እዚያው ቆመ። ሌላ ክፍል ቢገቡ፣ ሌላ ማሽን ቢያስከፍቱኝ፣ እንዲህ ያለ የተደበቀ ፎልደር በየቢሮው ያገኙ ነበር። አልገቡም። እኔም ግቡ አላልኩም።

ለምን የእሷ ኮምፒውተር ሆነ? ፕሮግራሟ ባዶ ቦታ ያለው ማሽን ትመርጣለች። ሌላው ሁሉ ፊልምና መዝሙር አጭቆበታል። ንጹሕ በመሆኗ ተመረጠች። ይህን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ፕሮግራሟ ናት። ፕሮግራሟን የጻፍኳት ግን እኔ ነኝ። አሁን ሻማ እንደምትዞር የእሳት ራት በዚህች አንዲት ነገር ዙሪያ ስሽከረከር ሊነጋ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ኛሙዎን ከሥራ ታገደች። የኛይየን ውጤት ተያዘ። ነገሩ ከተረጋገጠ አንዷ ከሥራ፣ ሌላዋ ከትምህርት ይባረራሉ።

በኮሪደሩ ሳልፍ አንዱ ሲል ሰማሁ፤ “ወንዝ ማዶ፣ ከድንበሩ ባሻገር ዘመድ አላት፣ ነገ ትሻገራለች።” ሌላው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ አላውቅም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ዲኑ የኛሙዎንን ኮምፒውተር ፎርማት አድርገሽ ለምትተካት አዘጋጂ አሉኝ። ማስረጃው በፍላሽ ለኮሚቴው ተሰጥቷል። አደረግኩት። የራሷ ነገር ግልባጩ ዲኑ ጋ ስላለ ምንም አይጠፋም። ይኸው፣ የኔ ሥራ ጥቅሙ ይህ ነው።

እንዲህ እያልኩ ነው ስሰርዝ የዋልኩት።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ኛሙዎን ደወለች። ስሟን ሳይ ስልኩን ልዘጋው ነበር። ስለ ክሱ አንድ ቃል አላነሣችም። ኮምፒውተሬ ውስጥ የእናቴ ድምፅ አለ አለችኝ፤ ስልኳ ባለፈው ዓመት ባሮ ወንዝ ውስጥ ስለገባ ሌላ ቅጂ የላትም። “ስልክ ይጠፋል፣ የመንግሥት ኮምፒውተር አይጠፋም ብዬ ነው” አለች። እንዳይነኩባት እንድጠብቅላት ለመነችኝ። አትስጊ አልኳት።

“አንቺ ስላለሽ አልሰጋም” አለች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

የንስሐ አባቴን ከቅዳሴ በኋላ አየኋቸው፤ በኒሙ ዛፍ ሥር ሲያልፉ ወደ ሌላ በኩል ዞርኩ። ደግሞስ ምን ብዬ ልንገራቸው? ሌብነት አይደለም፤ ለራሴ የወሰድኩት የለም። በሐሰት መመስከር አይደለም፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። በየትኛው ትእዛዝ እንደሚገባ ራሴ ሳላውቀው ሰውን ማድከም ነው።

ጾሙን አጥብቄያለሁ። ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ተገኘ! ተገኘ!

መምህር አዶኒያስ ፍላሹን ይዞ መጣ። ስከፍተው ባዶ ነው ይላል፣ ፊልም ስጭንበት ደግሞ ሞልቻለሁ ይላል አለኝ። እዚህ ከተማ በቀን ከሚገጥሙኝ አንዱ ነው፤ ፋይሉን የሚደብቅ ቫይረስ አለ፣ ባለቤቱ ባዶ መስሎት ፍላሹን ለሰው ይሰጣል። አጸዳሁት። ከሥሩ የወጣው የማጠቃለያ ፈተናው ነው።

መቼ ነው ለሰው የሰጠኸው ብዬ ጠየቅኩት። ከፈተናው በፊት በነበረው ሐሙስ ገበያ አጠገብ ያለ ፊልም የሚጭን ቤት አሳድሮት ነበር። ሲነግረኝ ገና ገባው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አብረን እንሂድ፣ እኔው ራሴ ለአቶ ኦቹዶ እናገራለሁ አለ። ጎበዝ ሰው ነው። እኔ ብሆን በዚያች ቅጽበት ስንት ሰበብ እደረድር ነበር።

ነገ እንሄዳለን። ኛሙዎን ትመለሳለች፤ የኔም ነገር ሳይነሣ ያልፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዛሬ የምተኛ ይመስለኛል።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አልሆነም።

አቶ ኦቹዶ አዶኒያስን እስኪጨርስ ሰሙት፤ አልተቆጡትም። ፈተናው በዚያ በኩል እንደወጣ አመኑ። እኔ እፎይ ልል ስል ወደ እኔ ዞሩ።

“ፍላሹን ቫይረስ ደበቀው። ገባኝ” አሉ። “የኛሙዎንን ማን ደበቀው?”

ቫይረስ ነው ማለት እችል ነበር። ይቀበሉኝ ነበር፤ የኔን ሙያ የሚመረምር ሰው እዚህ የለም። ልመርምረው አልኩ። መርምሪ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ እንወስናለን አሉ። እስከዚያው የኛሙዎን ነገር ሁለተኛ መንገድ ተብሎ ተያዘ፤ አንድ ፈተና በሁለት በኩል ሊወጣ ይችላልና።

ስንወጣ አዶኒያስ፣ ያቺ ልጅ በኔ ጥፋት ተከሰሰች እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኔ አጽናናሁት! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው። እከኩ የራሴ ሆኖ እሱ ያካል።

መጋቢት 21፣ እሑድ

እናቴ ከአቦቦ ደወለች። ጾሙ እንዴት ያዘሽ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ድምፅሽ ለምን ሰለለ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ የአባቴን የዘር በቆሎ አነሣሁባት። አባባ ጎረቤት ጎተራ ሲደብቅ ሰውየው ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ያስገባው ነበር አልኳት። በልጅነቴ በጨለማ የሚያስገባው ይመስለኝ ነበርና።

እናቴ ሳቀች። “ሳይነግረው? እሱ ሰውዬማ ቁልፉን ራሱ ነው የሚከፍትለት። የተደበቀው ከእናንተ ከልጆቹ ነው እንጂ ከባለ ጎተራው አይደለም። ባለቤቱ ሳያውቅ በሰው ጎተራ እህል ቢገኝ ሰውየውን ሌባ አያስብለውም?”

እሺ እማዬ አልኩ። ጤና ይስጥልኝ ብላ ልትዘጋ ስትል፣ ምን ሆነሻል አለች ደግማ። መልሼ እደውላለሁ አልኳት። አልደወልኩም።

ስንት ወር ሙሉ አባቴን ምስክር አድርጌ ስጠራ ኖርኩ። ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ነገ ረቡዕ ነው። ምን እንደምል አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራቱንም ቀደድኩ። ሁሉም “የኮሌጁን ሰነድ ከጥፋት ለመከላከል” ብሎ ይጀምራል።

ሰርቨሩ ሲያቃስት ይሰማኛል። ይቃጠል።

አይ፣ አይቃጠል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ተናገርኩ።

አቶ ኦቹዶ ምርመራሽ ምን አገኘ ሲሉ ወረቀቴን ሳላወጣ፣ “የኛሙዎንን የደበቅኩት እኔ ነኝ። የሁሉንም ቢሮ የደበቅኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ፤ አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር ከፍቼም አሳየሁ። ስለ አምናው ቃጠሎ፣ ስለ ፊልሙ፣ ቢያውቁ ይሰርዙት እንደነበር ተናገርኩ።

አቶ ኦቹዶ መነጽራቸውን አወለቁ። “ቤቴን ከሌባ ልትጠብቂልኝ ብለሽ፣ ሳትነግሪኝ ጓዳዬ ውስጥ ብታድሪ አመሰግንሻለሁ?” አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ በእርግጥ መልሱን የፈለጉ ይመስላል። አያመሰግኑኝም አልኩ። ይህን ያኔውኑ ብትናገሪ ኖሮ የምንጽፈው አንድ መስመር ነበር አሉ።

አቶ ወልደሥላሴ “በእኔም ኮምፒውተር ውስጥ አለ?” አሉ።

አለ አልኩ። የዚያን ጊዜ ነው ቁጣ የመጣው። የሬጅስትራር ጸሐፊዋ ያለ ጥፋቷ ከሥራ ስትታገድ ያልወጣ ቁጣ፣ ማሽናቸው ሲነካ ወጣ። እኔ ግን ልፈርድ የምችል ሰው አይደለሁም፤ እኔም እሳቸውም አንድ ነን። ውሳኔው ኛሙዎን ከነሙሉ መብቷ እንድትመለስ፣ የኛይየን ውጤት እንዲለቀቅ፣ እኔ በዲሲፕሊን እንድጠየቅ፣ የተደበቀው ሁሉ እስከ ዓርብ ማታ እንዲጠፋ ሆነ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የቀለለኝ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የየቢሮውን ፎልደር ስሰርዝ ዋልኩ። የምገባበት ክፍል ሰው ሁሉ ወሬ ያቆማል። የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ስክሪኗን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከጀርባዬ ሌላ ምን አይታብን ይሆን አለች፣ እንድሰማ አድርጋ። ሥራዬ ነው፣ ማየት አልፈልግም ልል ዞርኩና ተውኩት።

የዲኑ ብቻ ቀረ። እሱን ነገ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ኛሙዎን ዛሬ ገባች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ኛይየን እስከ በር ሸኘቻት። የሆነውን ሁሉ ሰምታለች። ሳየኝ ጠረጴዛዋን መጥረግ አላቆመችም። ኮምፒውተሯን አብርታ ፈለገች፣ ፈለገች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ፎርማት ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኳት። ግልባጩ ግን አለ፤ በዲኑ ኮምፒውተር ውስጥ፤ ዛሬ ማታ ይጠፋል። ልነካው የምትፈቅጂልኝ ከሆነ አወጣልሻለሁ፣ ካልሆነ እንዴት እንደሚወጣ አሳይሻለሁ አልኩ። ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ።

“እናቴ በአቶ ወልደሥላሴ ኮምፒውተር ውስጥ ነበረች?” አለች።

አቶ ኦቹዶ የዲኑን ቢሮ ከፈቱልን። ኛሙዎን ወንበሩን ሳብ አድርጋ ራሷ ተቀመጠች። የት እንደምትነካ በጣቴ ሳይሆን በቃል ነገርኳት። ፎልደሩ ሲወጣ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ የራሷ አጻጻፍ ነው። ፍላሿን ሰካች። ተገልብጦ እስኪያልቅ ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን ቆየን። እኔ ወደ በሩ ስሄድ ድምፅዋ ያዘኝ።

“ሰምተሽዋል?”

እዚህ ላይ ነበር ማለፍ የምችለው። ያ ምስክርነት የእሷ ነው፤ ጉባኤ አልቅሶበታል፤ እህቷ ጮኻበታለች። አልሰማሁም ብል እግዚአብሔር የላከላት እንደሆነ ይኖራል፣ እሷም ደስ ብሏት ትኖራለች። የማይጎዳ ውሸት አለ ቢባል ይህ ነበር። ግን ይህንኑ ማንንም አልጎዳም ስል ነው የከረምኩት።

“ሰምቻለሁ” አልኳት። “አንዱን። ያንን።”

“እስከ መጨረሻው?”

“እስከ መጨረሻው።”

“ሳቋንም?”

“ሳቋንም።”

አንገቷን ደፋች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ፍላሹን ነቅላ በመዳፏ ጨበጠችው። “መስክሬ ነበር” አለች። በጎኔ አልፋ ወጣች፤ ቀሚሷ እንዳይነካኝ በእጇ ሰበሰበችው።

የቀረውን ሰረዝኩ። ማሽኑ ጠራ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። እናቴ ጋ አቦቦ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ሳህኔን ደጋግማ ሞላችው።

ቅጣቴ የደመወዝ እርከን ቅነሳና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ሰርቨሩ ደግሞ አዲስ ኤሲ አገኘ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባክአፑ ግን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዛሬ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ አስፈቀድኩ። የማን ሰነድ ማን ጋ እንደሚያድር፣ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚታይ እያሳየሁ። ግማሹ እሺ አለ። የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ከስክሪኗ አጠገብ እንዳልደርስ ወንበር አቆመችብኝ። መብቷ ነው።

ሬጅስትራር ስደርስ ኛሙዎን ቀና አላለችም። እሑድ ተነሥታ ምስክርነቷን እንዳረመች ከኛይየን ሰምቻለሁ። ዜማው ከሰማይ አልነበረም፣ ከሰው ነበር ብላ። ስሜን አልጠራችም።

አስፈቀድኳት። ፍላሿ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

“የሥራውን ገልብጪ” አለች። “እናቴን እኔ እይዛታለሁ።”

እሺ አልኩ። ፕሪንተሯ ወረቀት ነክሶ ነበርና ልጠግነው አጎነበስኩ። ውጪ የመጀመሪያው ዝናብ ኒሙ ላይ ይወርዳል፤ እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እንደ ልማዴ ያ ዜማ ከንፈሬ ድረስ መጣ። ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። ኛሙዎን መጻፏን ትታ ስትጠብቅ ሰማኋት፤ ከዚያ እንደገና መጻፍ ጀመረች።